ከራሴ ጋር የተወራረድሁባት በቅሎ

በአሶሳ ችሎት ውርርድ ቀረ። አዲሱ ሹም ከመጣ ወዲህ ተከራካሪ ተነሥቶ «በቅሎ እሰጥ!» ብሎ ቢጮህ የሚሰማው የለም። የዳኝነቱ ክፍያ በልክ ተወስኗል፤ ባለጉዳይ ይከፍላል፣ ይናገራል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቄሱ ደስ ብሎታል። በዚህ አገር ሙስሊሞቹን ሃይማኖት የሚያስተምረው ፈቂም ደስ ብሎታል። ነጋዴውማ ዘፈን ነው የቀረው። እኔ ግን ሰው ሁሉ በአንድ ቀን የተስማማበት ነገር ገላዬን ያሳክከኛል። ደግሞም አልደብቅም፤ ውርርዱ እንጀራዬ ነበር።

ሥራዬ ውርርድ ማስያዝ ነበር። ላልደረሰበት ሰው ላስረዳ። በእኛ ደንብ ሁለት ሰዎች ዳኛ ፊት ሲቆሙ በምላሳቸው ብቻ አይከራከሩም። አንዱ «ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባይሆን ማር እሰጥ» ይላል። ሌላው «አይደለም፤ ቢሆን በቅሎ እሰጥ» ይላል። የተረታው ያስያዘውን ለዳኛው ያገባል። እኔ በመካከላቸው ቆሜ ውርርዱን እቀበላለሁ፣ ቃላቸውን ሦስት ሦስት ጊዜ አስደግማለሁ፣ ዋስ አስጠራለሁ፣ በመጨረሻም ማሩን ወይም በቅሎዋን ተከታትዬ አስገባለሁ። ደመወዜ በዓመት ሁለት ልብስና ቀለብ ነበር። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ሰሞኑን ከጎጃም የመጣ አንድ ወጣት ቄስ ቤቴ ገብቶ ሲጫወት፣ «ጋሼ ተክሌ፣ ዕድሜዎን ቁማር ሲያስይዙ ኖሩ ይሉኛል፤ እውነት ነው?» አለኝ።

«ቁማር አይደለም፣ አባቴ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ቁማርተኛ በማያውቀው ነገር ላይ ያስይዛል። ተከራካሪ በሚያውቀው ነገር ላይ ያስይዛል።»

«ሳያውቅ አውቃለሁ ብሎ ያስያዘስ?»

«እሱን እኛ ማሩን ተቀብለን ወደ እናንተ እንልከዋለን፤ ንስሐው የእናንተ ድርሻ ነው» አልሁት።

ሳቀና ሄደ፤ አልተረታም። እኔም አልተረታሁም። ለነገሩ በዓለም ላይ ይህን ነገር ቆርጦ የጨረሰ አገር ያለ አይመስለኝም። አንድ የግሪክ ነጋዴ ከካርቱም የሚመጣለትን ጋዜጣ እያነበበ ይተረጉምልኝ ነበር፤ እኔም የታተመ ነገር ካየሁ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን ሳላስነብብ አልለቅም። በአሜሪካ አንዱ ግዛት በፈረስ እሽቅድምድም መወራረድ ሲፈቅድ ጎረቤቱ ይከለክላል፤ ሰውም ለመወራረድ ሲል ድንበር ይሻገራል አለኝ። «ወንዝ ተሻግሮ ኃጢአቱ ይቀራል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ቅጣቱ ይቀራል» አለ። ሕግ አውጪዎቻቸው ከእኛ ይበልጣሉ የሚሉኝ ሰዎች ይህን ይስሙልኝ።

እኔ የምለው ይህ ነው። ሰው በነጻ ሲናገር ብዙ ይናገራል። አንድ ቃሉ አንድ ጉንዶ ማር እንደሚያስከፍለው ሲያውቅ ግን ከመናገሩ በፊት አንድ ጊዜ ምራቁን ይውጣል። በዚያች ምራቅ በምትዋጥባት ቅጽበት ውስጥ ስንት ውሸት ሲሞት አይቻለሁ! ይህን ካልሁ በኋላ ደግሞ ውርርድ እንዴት እንዳሳሳተኝ ካልተናገርሁ እኔም በነጻ ከሚያወሩት አንዱ መሆኔ ነው።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ቅኔ ቤት ጥዬ ከወታደር ኋላ ነው። መጻፍ ስለምችል ጠመንጃ ከመሸከም ዳንሁ። መጀመሪያ የተመደብሁት ባምባሲ ነበር። የዚያ ዳኛ ችሎት ላይ ይተኛል፤ ሲነቃ ድምፁ ለጎላው ይፈርዳል። ባለጉዳዮቹ ይህን ስላወቁ ጎሮሮው የሰፋ ዘመድ ይዘው ይመጡ ነበር። ቀጥሎ ኩርሙክ ወረድሁ። የኩርሙኩ አለቃዬ ደግሞ በፍጹም አይተኛም፤ ምክንያቱም ራሱ ተወራራጅ ነው። ከሱዳን በኩል ጭነት ሲመጣ የትኛዋ አህያ ወንዙ ላይ ቀድማ እንደምትተኛ ይወራረዳል። አንድ ቀን የክብር ጃንጥላውን አስይዞ ለአንድ ጨው ነጋዴ ተረታ። ያን በጋ ዳኛው ራሱን በእጁ ጋርዶ ሲፈርድ፣ ነጋዴው ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ይዞ ግመል ሲነዳ ከረሙ። ሰው ለማን እጅ መንሣት እንዳለበት ግራ እስኪገባው ድረስ።

ሥራን ሥራ አድርጎ ያስተማረኝ ግን በአሶሳ ያገኘሁት ግራዝማች ውብነህ ነው።

ግራዝማች ችሎት ሲቀመጥ እጁ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንድ እጁ ቢላዋ ይይዛል፣ ሌላው ቀርከሃ። ተከራካሪ ሲናገር ይጠርባል። ሰው የማይሰማ ይመስለዋል፤ እሱ ግን የሚሰማው እንደዚያ ነው። ውሸት ሲሰማ ቢላዋው ይቆማል። ባለጉዳዩም ቢላዋው እንደቆመ ሲያይ ራሱ ቃሉን ያርማል። አጭር ክርክር ማንኪያ ያወጣል፣ ረጅም ክርክር የወንበር እግር። ቤቱ ውስጥ ያሉት መቀመጫዎች ሁሉ የሰው ጠብ ናቸው። «ተቀመጥ፣ ይህቺ የነዚያ የሁለቱ ወንድማማቾች ነገር ናት፤ ጠንካራ ናት» ይለኝ ነበር።

የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ውርርድም በአንድ አነጋገር ጨርሶታል። «ባለፈው ነገር ተወራረዱ፤ የሚመጣው የእግዜር ነው።» ትናንት አጥሩን ማን አፈረሰ፣ ይፈቀዳል። ነገ ይዘንባል አይዘንብም፣ አይፈቀድም። ወታደሮቹ ዛጎል እየጣሉ ሲጫወቱ ያገኘ እንደሆነ ዛጎሉን ሰብስቦ ለሕፃናት ያድል ነበር። የሚያርሱበትን በሬ፣ የሚዘሩትን እህልና የሚለብሱትን ልብስ ማስያዝም ክልክል ነው። «እውነት የያዘ ሰው እርቃኑን ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም፤ ውሸት የያዘም ቢሆን ሚስቱ ምን አደረገች?» ይላል።

ከልማዱ ሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ውርርድ ከመቀበሉ በፊት ተከራካሪውን፣ «መጀመሪያ የባላጋራህን ነገር ንገረኝ» ይለዋል። የራስህን አይደለም፣ የሱን። ከሳሹ ተከሳሹ የሚለውን፣ ተከሳሹም ከሳሹ የሚለውን፣ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ መናገር አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ውርርድ የሚጠራው። አንድ ወታደር ከሸማኔ ጋር ተካሶ የሸማኔውን ነገር እንዲናገር ታዘዘ። ጀመረ፣ ሞቀው፣ እጁን እያወናጨፈ ተናገረ፤ መጨረሻ ላይ እጁን አወረደና፣ «ጌታዬ፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነማ እውነትም የሱ ነው» ብሎ ቁጭ አለ። ግራዝማች ያን ቀን ማንኪያውን እንኳ አልጨረሰም።

ይህን ሁሉ አይቼ፣ ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ ተራዬ ሲደርስ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

በሰኔ መግቢያ ግራዝማችን ወባ ጣለው። «አንተ ተክሌ፣ ለጊዜው በኔ ቦታ ተቀመጥ፤ ትንንሹን ነገር ብቻ እየው» አለኝ። ተቀመጥሁ። ወንበሩ ከቆምሁበት ቦታ አንድ ክንድ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ነገር ግን ከዚያ ሲያዩት ሰው ሁሉ አጭር ይመስላል።

በሦስተኛው ቀን ባሻ ይርጋና ሐሚድ መጡ። ባሻ ይርጋ ከኛው ወታደሮች አንዱ ነው፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ሲናገር የሚዘል። ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ አፉ ከራሱ ይቀድማል፤ አንዴ «እሰጥ» ካለ ደግሞ ያለውን ነገር እሱ ራሱ ያምነዋል። ሐሚድ የመንጌ ሰው ነው፣ በነገዱ በርታ፣ በሥራው ማር ቆራጭ። አማርኛን የተማረው ከወታደሮች ስለሆነ ሰውን ሁሉ አንተ ይላል፤ አንቱ የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው የለም። ጠባቸው ከመንጌ መንገድ ዳር ባለ አንድ ትልቅ የዱር ዛፍ ላይ በተሰቀሉ ዐሥራ ሁለት የቀርከሃ ቀፎዎች ነው።

«በላ ልበልሃ!» አለ ባሻ ይርጋ ነጠላውን አጣፍቶ። «ቀፎው የኔ ነው! በገዛ እጄ ሠርቼ፣ በገዛ እግሬ ወጥቼ የሰቀልሁት ነው! ባይሆን በቅሎ እሰጥ!»

«አንተስ?» አልሁት ሐሚድን። «አይደለም፣ የኔ ነው የምትል ከሆነ ምን ታስይዛለህ?»

«እኔ ውርርድ የለም» አለ ሐሚድ።

«በቅሎ ከሌለህ ማር አስይዝ።»

«ማር አለ። በቅሎም ወንድሜ ጋ አለ። ውርርድ ግን የለም። ሐራም ነው።»

ባሻ ይርጋ ዘለለ። «አያችሁ! አያችሁ ወገኖቼ! እውነቱ ቢሆን ይፈራ ነበር? ዶሮ እንኳ አላስያዘም!»

«ወላሂ ቀፎ የኔ ነው» አለ ሐሚድ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ኅዳር ልጄን እድራለሁ። ይህ ማር ኩርሙክ ይሄዳል፣ ልብስ ይመጣል። ማር የለም፣ ሠርግ የለም።»

እዚህ ላይ የግራዝማችን ልማድ ማድረግ ነበረብኝ። ባሻ ይርጋን «የሐሚድን ነገር ንገረኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ገበያ ቀን ነበር፣ ሙቀት ነበር፣ ሰው ብዙ ነበር፤ ሰውም እኔን እያየኝ ነበር። ባደግሁበት አገር ደግሞ በእውነቱ ላይ ለማስያዝ እምቢ ያለ ሰው ውሸቱን እንዳመነ ይቆጠራል። ሐራም የሚለውን ቃል እንደ ሰበብ ሰማሁት። «ለቃሉ ዋስ ያልጠራ፣ ቃል የለውም» ብዬ ቀፎዎቹን ለባሻ ይርጋ ፈረድሁ። አነጋገሩ እንኳ አምሮልኝ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ሲደግሙት ሰማሁና ደስ አለኝ።

ሐሚድ አልጮኸም፣ የንጉሥ ያለህ አላለም። ዱላውን አነሣ፣ ሄደ።

ግራዝማች ሲሻለው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እኔም ወደ ቦታዬ። ስለዚያ ፍርድ አጫወትሁት። «የየባላጋራቸውን ነገር ተናገሩ?» አለኝ። «ነገሩ ግልጽ ነበር» አልሁት። ሌላ አልጠየቀኝም። የያዘውን ቀርከሃ አየው፣ ሰበረውና ሌላ አነሣ።

ጥቅምት ሲገባ ባሻ ይርጋ እየዘለለ መጣ። ሐሚድን ከመንጌ አስጠርቶ አምጥቶታል። የባሻ ፊት እዚህም እዚያም አብጧል፤ አንድ ዓይኑ አይታይም።

«በላ ልበልሃ!» አለ። «ግራዝማች፣ ይህ ሰው በድሎኛል! ቀፎው ያፈሳል! ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየገባ ሁለት ቀፎ ንብ ጥሎኝ ሄደ። ላድስ ብወጣ የቀረው ንብ እንዲህ አደረገኝ። ባለሙያ ከሆነ ለምን የሚያፈስ ቀፎ ይሠራል? ይካሰኝ!»

ግራዝማች መጥረቡን ሳያቆም፣ «ቀፎውን ማን ሠራው?» አለ።

«እሱ ነዋ! ሐሚድ!»

«ሐሚድ ሠራው?»

«ማን ሌላ ይሠራል! የታችኛውን ጫፍ እንዲህ አድርጎ የሚያጥፍ በመንጌ ከሱ በቀር የለም፤ አገር ያውቃል! እሱ ካልሠራው በቅሎ እሰጥ! በቅሎ ብቻ አይደለም፣ ጠመንጃዬን እሰጥ!»

ቢላዋው ቆመ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ጎመን ሻጭ ሴት ሳቅ አመለጣት፤ ቀጥሎ አገሩ ሁሉ ሳቀ። ባሻ ይርጋ የሚስቁለት መስሎት አብሮ ሳቀ።

«ሐሚድ፣ ምን ትላለህ?» አለ ግራዝማች።

«ባሻ እውነት ተናገረ» አለ ሐሚድ። «እኔ ሠራሁ። አባቴ ደግሞ ከኔ በፊት ሠራ። ቀፎ ግን አያፈስም። ሰኔ ላይ አዲስ ሣር ይለብሳል። በየዓመቱ አለብሰዋለሁ። ዘንድሮ ሰኔ ተፈረደብኝ፣ አላለበስሁም።»

«ባሻ ይርጋ» አለ ግራዝማች፣ «ውርርድህን ረታህ። ሐሚድ ነው የሠራው።»

«አላልኋችሁም?» ብሎ ባሻ ይርጋ ዙሪያውን በኩራት አየ። ጥቂት ቆይቶ ግን ያ የቀረው አንድ ዓይኑ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄደ።

እኔ በዚያ ሰዓት ምን እንደተሰማኝ ማሳመር አልፈልግም። መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ሐሚድ አልነበረም፤ ግራዝማች ፍርዱ የማን እንደነበረ በሰው ፊት እንዳይናገር ነው የተመኘሁት። እሱም አልተናገረም። ወደ እኔ እንኳ አልዞረም። «ይህ ነገር አስቀድሞ ተፈርዷል» አለ ብቻ። «የተፈረደ ነገር እንዲሁ አይነቀነቅም። ዳኛው ተሳስቷል የሚል ሰው በቅሎ አስይዞ ይነሣ።»

ይህም ደንብ ነበር፤ ዳኛን በየቀኑ የሚነቀንቅ እንዳይበዛ የወጣ። ሁሉም ሐሚድን አየ። ሐሚድም እንደ ሰኔው፣ «ውርርድ የለም» አለ። ዐሥራ ሁለት ቀፎ፣ የልጁ ሠርግ፣ አንዲት ቃል ብቻ ቀርታው፣ «የለም» አለ። ውርርድ ስለፈራ ሳይሆን ማንም ሊያየው የማይችለውን ሌላ ዳኛ ስለሚያከብር መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሰኔ የፈረድሁበት በዚህ ነበር፤ ከሁላችን ይልቅ ቃሉን በማክበሩ።

ከቦታዬ ወጥቼ መሐል ገባሁ።

«ዳኛው ተሳስቷል» አልሁ። «በቅሎ እሰጥ።»

ግራዝማች አሁን አየኝ። «ዳኛው ማን ነበር?»

«እኔ።»

«አልተሳሳተም ብሎ የሚከራከርህ ማን ነው?»

«እሱም እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ደንቡ እንዳይጎድል» አለ፣ ጢሙ ሥር እየሳቀ፣ «መጀመሪያ የባላጋራህን ነገር ንገረኝ።»

ተናገርሁ። ያ በሰኔ የተቀመጠው ተክሌ ምን ብሎ እንደሚከራከር ሁሉንም ተናገርሁለት፤ ሙቀቱን፣ ገበያውን፣ ያማረውን አነጋገሩን። ከልቤ ነው የተከራከርሁለት፤ ቢሆንም ነጻ የሚያወጣው ነገር አላገኘሁለትም። «ባላጋራህ ይህንኑ ነው የሚለው?» አለኝ። «ይህንኑ ነው» አልሁ። «ረታህ። ተረታህም። ቀፎው ለሐሚድ ይመለስ። የባሻ የሰኔ ውርርድ ተወራራጅ አላገኘምና አልጸናም። በቅሎዋን አምጣ።»

አንዲት በቅሎ ነበረችኝ፤ ቦራ፣ ግንባሯ ነጭ፣ ከኔ ይልቅ መንገድ የምታውቅ። ልጓሟን ይዤ መጣሁ። ሰው እልል ይላል፣ ያጨበጭባል። ውርርድ ተረትቶ የተጨበጨበለት የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ልጓሙን ለግራዝማች ላስረክብ ስል ሐሚድ እጁን አነሣ።

«ቆይ» አለ። «ቀፎ በውርርድ ተመለሰ?»

«አዎ፣ ተመለሰልህ» አልሁት ደስ ብሎኝ።

«እንግዲያ አልወስድም። በቁማር የመጣ ማር ልጄ ሠርግ ላይ አይበላም።»

እልልታው እንደ ተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። ባሻ ይርጋ እንኳ ራሱን ያዘ፤ «ወንድሜ፣ አንተ ሰውየ አታሸንፍም አትሸነፍምና ማን ሊችልህ ነው?» አለው። እኔ በቅሎዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ሐሚድ ቀፎውን ትቶ ቆሟል፤ ግራዝማች ቢላዋውን ሰገባው ውስጥ ከተተው፤ ይህን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። «ፈቂ አልአሚንን ጥሩልኝ» አለ።

ፈቂ አልአሚን ሽማግሌ ነው፤ በመንጌም በአሶሳም ሲናገር ይደመጣል። መጣ፣ ተቀመጠ፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሰማ። ሲሰማ ጺሙን ይቆጥራል የሚባለው እውነት ነው።

«ቁማር ማለት» አለ በመጨረሻ፣ «አንዱ ሲከስር ሌላው በዚያው ሲያተርፍ ነው። በዚህ ነገር ማን ከሰረ?»

«እኔ» አልሁ።

«ማንስ አተረፈ?»

ሁላችንም ግራዝማችን አየነው። በቅሎዋ የምትገባው ለእሱ ነዋ።

ግራዝማች ቦራን አያት። በቅሎ ይወዳል፤ እሷን ደግሞ ሁለት ጊዜ ሽጥልኝ ብሎኝ ነበር። «እኔ ካልተቀበልኋትስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ዳኛው ካልወሰደ፣ ሐሚድ ካልወሰደ፣ ባሻም ካልወሰደ» አለ ፈቂው፣ «አንድ ሰው ራሱ ላይ ተስሎ ድሃ ሲያበላ ነው የማየው። ይህ ስለት ነው። ስለት ሐራም ነው ያለ ሰው አላውቅም። ከራሱ ጋር የተወራረደ ሰውም እስከ ዛሬ አላየሁ፤ ዕድሜ ይስጥህ፣ አሳቅኸኝ።»

«ሐሚድ፣ ይበቃሃል?» አለ ግራዝማች።

ሐሚድ ፈቂውን በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ፈቂውም ራሱን ነቀነቀለት። «ኻላስ፣ አለቀ» አለ ሐሚድ። «ማር የኔ ነው።»

ቦራ በዚያው ሳምንት ከኩርሙክ ነጋዴዎች ጋር በማሽላና በማር ተለወጠች። ድግሱን ስናስብ ችግሩ መጣ። በሬ ቢታረድ፣ ማን ባርኮ ያርዳል? ክርስቲያኑ የእስላሙን፣ እስላሙም የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም። ሁለት በሬ ይታረድ እንዳይባል በቅሎዋ አንድ ናት። ማሩ ጠጅ ይጣል ቢባል ግማሹ አገር አይጠጣም። ስለዚህ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ፣ በላዩም ብርዝ ሆነ። ቀኑም ረቡዕ ተደረገ፤ ክርስቲያኑ ይጾማል፣ ሥጋ ቀረብኝ ብሎ አያጉረመርምም። ጠጅ ይጠብቁ የነበሩ ሹማምንት ብርዙን ቀምሰው ፊታቸው ሲለወጥ ማየት ብቻውን ለእኔ በቅሎዋን ያወጣል። ባሻ ይርጋ ሰባት ዋንጫ ጠጥቶ፣ «አያሰክርም፣ ግን ተስፋ ያስቆርጣል» አለ።

ከዚያ ወዲህ በግራዝማች ችሎት ሁለት መንገድ ሆነ። የፈለገ እንደ ጥንቱ ያስይዛል፣ ለዳኛው ያገባል። ውርርድ የማይፈቀድለት ደግሞ «ብዋሽ ይህን ያህል ድሃ ላብላ» ብሎ በስለት ይቆማል፤ ቃሉም ከሌላው ቃል እኩል ይመዘናል። ዓመት ሳይሞላ ክርስቲያኖቹም ወደ ስለቱ ዞሩ። የተረታ ሰው ማሩን ዳኛ ቤት ሲገባ ከማየት ከጎረቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ መብላት ይሻለዋል፤ የራሱን ሽንፈት አብሮ ይበላል። ከእኛ ሰዎች አንዳንዶቹ «የዳኛውን ቤት አስራባችሁት» ብለው አኩርፈውኝ ነበር። እኔም ሁለት ዓመት በእግሬ ስሄድ ኖርሁ። አዲሱ ሹም ሲመጣ ያስቀረው እንግዲህ ይህንን ሁለቱንም ነው። የጥንቱን ያስቀረበት ምክንያት ይገባኛል። የገንፎውን ለምን እንዳስቀረ ግን ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

በኅዳር ሐሚድ ማር ሊቆርጥ ሲወጣ እንድመጣ ላከብኝ። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ዛፉ ሥር ደረስሁ። ሐሚድ የሚጤስ ሣር በጥርሱ ነክሶ እንደ ዝንጀሮ ወጣ። ልጁ ሙሽራይቱ ታች ቆማ በገመድ የሚወርደውን ቅል ትቀበላለች፤ ትስቃለች፣ ንቡንም አትፈራም። ንብ የቀረባቸውን ዐሥሩን ቀፎ ፈተሸ። የዘንድሮው ማር ነጭ ነው፣ ሞልቷል፤ ለሠርጉም ለኩርሙክም ይበቃል። ሲጨርስ ወረደና እጁ እስከ ክርኑ እየተንጠባጠበ አጠገቤ ቁጭ አለ።

ከጥቅምቱ ችሎት ጀምሮ ያልገባኝን ጠየቅሁት። «ሐሚድ፣ ያን ቀን ስፈርድብህ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጫፉን ተመልከቱ ብትለኝ ኖሮ እኮ ሰው ልኬ አይ ነበር። ለምን ሳትነግረኝ ሄድህ?»

ገርሞት አየኝ።

«አንተ የጠየቅኸኝ ምን እንደማስይዝ ነው» አለ። «ማን ሠራው ብለህ አልጠየቅኸኝም።»

ብዙ የማነብ፣ ብዙ የምናገር ሰው፣ ዛፍ ሥር አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሐሚድ ከቅሉ ውስጥ አንድ ሰፊ የማር እንጀራ አነሣ።

«እጅህን ዘርጋ» አለኝ። «ማር ይፈስሳል።»